ፊሌቶ፦ ከባሕር ዳር ሉካንዳ እስከ ገበታ

ፊሌቶ ገዝቶ እንደ ማንኛውም የጥብስ ሥጋ ድስት ውስጥ ማንተክተክ ብር መጣል ነው። ጠንከር አድርጌ የምናገረው ባሕር ዳር ውስጥ በብዙ ቤት፣ በአንዳንድ ምግብ ቤትም ጭምር፣ የማየው ይሄው ስለሆነ ነው። ከበሬው ለስላሳውንና ውዱን ሥጋ መርጠን እንገዛለን። ከዚያ በጥቃቅኑ እንከትፈዋለን፣ ከሽንኩርት ጋር ድስት ውስጥ እንጨምረዋለን፣ ያወጣው ውሃ እስኪመጥ እናበስለዋለን፣ ሲደርቅብን ደግሞ ቅቤ እናክልበታለን። በመጨረሻ የሚቀርበው ሥጋ ከርካሹ የጭን ሥጋ በምንም አይለይም። ፊሌቶ የሚፈልገው ወፈር ያለ ቁራጭ፣ ኃይለኛ እሳት፣ አጭር ጊዜና ጥቂት ቅመም ነው። ባልነካካችሁት ቁጥር ይጣፍጣል።

ከመግዛት እስከ ማስቀመጥ ያለውን በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ። የአመጋገብ ጥቅሙንም በደንብ አነሳለሁ። ፊሌቶ በአንድ በኩል ከሚገባው በላይ ሲወደስ፣ በሌላ በኩል እውነተኛ ጥቅሙ ሲረሳ ስለማይ ነው።

የቱ ነው ፊሌቶ?

ብዙ ሰው ሽንጥና ፊሌቶን አንድ ያደርጋቸዋል። ጎረቤት ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ሽንጥ ከአከርካሪው አጥንት በላይ፣ በጀርባ በኩል ያለው ነው። ፊሌቶ ከዚያው አጥንት ሥር፣ በውስጥ በኩል፣ ወደ ኩላሊቱ ተጠግቶ የተጋደመ ረዥም ሥጋ ነው። አንድ ጫፉ ወፈር ይላል፣ ወደ ሌላው እየቀጠነ ይሄዳል። አንድ በሬ ያለው ሁለት ብቻ ነው፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ። ሁለቱ ተደምረው ጥቂት ኪሎ ናቸው፣ የሚወደደውም ለዚህ ነው።

ለምን ለሰለሰ? የምንበላው ቀይ ሥጋ ጡንቻ ነው። ጡንቻ ብዙ ሲሠራ ክሮቹን የሚያያይዘው ነገር ይበዛል፣ ይጠነክራል። የወርች፣ የአንገትና የቅልጥም ሥጋ በሬው ሲራመድ፣ ሲግጥ፣ ቀንበር ሲሸከም ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ይውላል። ፊሌቶ ግን የሰውነቱን ክብደት አይሸከምም። ማያያዣው ጥቂት ነው፣ ክሩም ቀጭን ነው።

ይሄ በእኛ አካባቢ ትልቅ ነገር ነው። እዚህ ከሚታረዱት በሬዎች ውስጥ ዓመታት ያረሱ አሉ። ከብቱ ዕድሜው ሲገፋ ማያያዣው በሙቀት ቶሎ የማይሟሟ ይሆናል። ስለዚህ ካረጀ የእርሻ በሬ የወጣ የወርች ሥጋ ለሰዓታት መቀቀል አለበት። በዚያ ላይ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ ነው፣ ቅቅሉ ቆላ ከሚወስደው ጊዜ የበለጠ ይወስዳል። ፊሌቶ ውስጥ ግን በመቀቀል የሚሟሟ ነገር እምብዛም የለም። ረዥም ጊዜ እሳት ላይ ስታቆዩት የሚሆነው አንድ ነገር ነው፤ ክሮቹ ይኮማተሩና ውስጣቸው ያለውን ውሃ ጨምቀው ያወጡታል። ደረቀ የምንለው እሱን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር። የፊሌቶ ጣዕም ረጋ ያለ ነው። ኃይለኛ የሥጋ ጣዕም የምትፈልጉ ሰዎች ሽንጥ፣ ዳቢት ወይም ጎድን ብትገዙ ትደሰታላችሁ፣ ብርም ይተርፋችኋል። በፊሌቶ የምትከፍሉት ለልስላሴው ነው።

ሲገዙ

ጠዋት ሂዱ። ባሕር ዳር በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ትሞቃለች፣ በዚያ ሙቀት ተሰቅሎ የዋለ ሥጋ ማታ ስትደርሱለት ደክሞ ነው የሚጠብቃችሁ። በዓል ሲቃረብ፣ በተለይ ለፋሲካና ለገና ማግስት፣ ፊሌቶ ከሁሉ ቀድሞ ስለሚያልቅ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ለቆራጩ ንገሩት። የጾም ቀናትን ማስታወስ እንኳ ለእናንተ አያስፈልግም፣ ሉካንዳው ራሱ ተዘግቶ ይነግራችኋል።

ከሁሉ በፊት የቄራ ማህተም መኖሩን እዩ። ማህተም ማለት ከብቱ በእንስሳት ሐኪም ተመርምሯል ማለት ነው። ቀጥሎ ሥጋውን ራሱን ተመልከቱ። ጥሩ ፊሌቶ ደመቅ ያለ ቀይ ነው። ጠቆር ማለቱ ብቻውን መጥፎ ምልክት አይደለም፣ አየር ያላገኘው በኩል ሁልጊዜ ይጠቁራል። መጥፎው ምልክት ሲነኩት የሚያሟልጭ ከሆነ፣ ወይም ጎምዘዝ ያለ ሽታ ካለው ነው። በጣት ጫን ስታደርጉት ጉድጓዱ ቶሎ መሙላት አለበት።

ፊሌቶ ተብሎ ከጭን የተቆረጠ ለስላሳ ሥጋ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። መለየት ከባድ አይደለም። እውነተኛው ፊሌቶ ረዥም ነው፣ ክሩ በርዝመቱ ይሄዳል፣ ላዩ ላይ ብር የመሰለ ስስ ነጭ ሽፋን አለው። ለዚህም ነው ሳይከተፍ እንዳለ መግዛት ያለባችሁ። ተከታትፎ ከተሰጣችሁ የምታውቁበት መንገድ የለም። እንዲህ በሉት፦

«ወንድሜ፣ ፊሌቶውን ከመሃሉ እንዳለ ስጠኝ፣ አትክተፈው።»

«ጥብስ አይደል እንዴ? ልክተፍልሽ።»

«አይ፣ እኔው ቤት አጸዳዋለሁ። ከጎኑ የሚወጣውንም አትጣለው፣ አብረህ መዝንልኝ።»

መሃሉ ወጥ ውፍረት ስላለው እንዳለ ለሚጠበስ ወፍራም ቁራጭ ይሆናል። ቀጭኑ ጫፍ ለጥብስ ይሆናል። ሙሉውን ከገዛችሁ ሁለቱንም ታገኛላችሁ። ዋጋ ስትነጋገሩ ሥጋው የሚመዘነው ሽፋኑና ስቡ ተነስቶለት ነው ወይስ ሳይነሳ የሚለውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። በሚነሳው ነገር ብዛት ኪሎው ይለያያል።

ስለ ከብቱም ትንሽ ልበል። ከጣና በስተምሥራቅ ባለው ሜዳ የሚረባው የፎገራ ከብት አገር ያወቀው ነው፣ በተለይ በወተቱ። የፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ እየተስፋፋ ሲሄድ ግን ግጦሹ ጠበበ፣ ንጹሕ ዝርያውም ከሌላ ጋር እየተዳቀለ አነሰ። ወደ ጢስ አባይ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ዝርያውን ለማቆየት ይሠራል። ስለ ጥሩ ሥጋ የምንጨነቅ ሰዎች ስለዚህም መጨነቅ አለብን ብዬ አምናለሁ። ከብቱ ከሌለ ስለ አበሳሰሉ ማውራት ምን ያደርጋል?

ቅርጫ ከሆነ

በቅርጫ ፊሌቶ ብዙ ጊዜ ይባክናል። ሥጋው ለሁሉም መደብ እኩል መድረስ ስላለበት ፊሌቶውም ተቆራርጦ ለእያንዳንዱ አንድ ሁለት ጉርሻ ይደርሰዋል፣ ከሌላው ሥጋ ጋር ይደባለቅና አብሮ ድስት ይገባል። ፍትሐዊ ነው፣ ግን ማንም ፊሌቶ በላሁ አይልም። እኔ የምመክረው ከመታረዱ በፊት መነጋገር ነው። ወይ አንዱ ሰው ፊሌቶውን እንዳለ ይውሰድና በምትኩ ከጎድኑና ከሌላው ለሌሎች ይልቀቅ፣ ወይ ደግሞ ሁለቱ ፊሌቶዎች ለዕለቱ ይለዩና ሥጋው ሲከፋፈል የተሰበሰበው ሰው ሁሉ እዚያው ተጠብሶለት አብሮ ይብላ። ሁለተኛው ይበልጥብኛል። የደከመው ሰው ሁሉ ይቀምሰዋል።

ከመጠበሱ በፊት ይረፍ

ከብት እንደታረደ ሥጋው ለሰዓታት ይገተራል። ይህ ግትርነት እስከ አንድ ቀን ሊቆይ ይችላል። ከዚያ በኋላ በሥጋው ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ቀስ በቀስ ያለሰልሱታል። ፊሌቶ ከመጀመሪያውም ለስላሳ ስለሆነ እንደ ሌላው ሥጋ ብዙ ቀን አያስፈልገውም። ፍሪጅ ውስጥ ከ0 እስከ 4 ዲግሪ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ቢያድር ይበቃዋል። ሳህን ላይ አድርጋችሁ፣ ሸፍናችሁ፣ ከታችኛው መደርደሪያ አስቀምጡት። ፈሳሹ ሌላ ምግብ ላይ እንዳይንጠባጠብ ነው።

ቤት ላረዱ ሰዎች ትልቅ ማሳሰቢያ አለኝ። ገና ሙቀቱ ያልወጣለትን ሥጋ በቀጥታ ፍሪዘር ውስጥ አትክተቱ። ጡንቻው ኃይሉን ሳይጨርስ በረዶ ከሆነ፣ ሲቀልጥ ክፉኛ ይኮማተራል፣ ለስላሳው ፊሌቶ ሳይቀር ይጠነክራል። መጀመሪያ በትልቁ ሳይቆራረጥ ፍሪጅ ይደር። በማግስቱ ወደ ፍሪዘር ይግባ።

ማጽዳትና መቁረጥ

ሥጋውን አትጠቡት። ብዙ እናቶቻችን እንደማይስማሙ አውቃለሁ፣ ግን መታጠቡ ጀርሙን አያጠፋውም፣ ውሃው ሲረጭ ወደ ሰላጣው፣ ወደ ቢላዋው፣ ወደ እቃ ማጠቢያው ያዛምተዋል። ጀርሙን የሚገድለው እሳቱ ነው። ከዚህም ሌላ እርጥብ ሥጋ ምጣድ ላይ ሲገባ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። በንጹሕ ጨርቅ ወይም በሶፍት ጠብ ጠብ አድርጋችሁ አድርቁት።

አሁን ያንን ብር የመሰለ ስስ ሽፋን አንሱ። ይሄ ሽፋን በአጭር ጊዜ ጥብስ አይለሰልስም። ሲሞቅ ይሰበሰብና ሥጋውን ያጣምመዋል፣ ጥርስ ላይም ይቀራል። ስለታም ትንሽ ቢላዋ ያዙ። ጫፉን ከሽፋኑ ሥር አስገቡ፣ በሌላው እጃችሁ ሽፋኑን ወጠር አድርጋችሁ ያዙ፣ ስለቱን ትንሽ ወደ ላይ አዘንብሉና ወደ ፊት ግፉ። ስለቱ ወደ ታች ካዘነበለ ሥጋውን ይበላባችኋል። በጎኑ ተለጥፎ የሚገኘውን ገመድ የመሰለ ቀጭን ሥጋም ለዩት። እሱን አትጣሉት፣ ሽፋኑን አንስታችሁ ከትፋችሁ ለምስር ወጥ ወይም ለጎመን አስቀምጡት።

ቁርጥራጩ ክሩን ማቋረጥ አለበት። ሥጋው በረዥሙ ቢጋደም እናንተ በአግድሙ ትቆርጣላችሁ ማለት ነው። ለወፍራም ቁራጭ 3 ሴንቲ ሜትር። ለጥብስም ቢሆን ከ2 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ። በጥቃቅኑ የተከተፈ ፊሌቶ ላዩ ሳይቀላ ውስጡ ይደርቃል።

ጨውን በተመለከተ ሁለት ጥሩ ጊዜ አለ። ወይ 40 ደቂቃና ከዚያ በላይ ቀደም ብላችሁ፣ ወይ ምጣድ ላይ ሊገባ ሲል። በመሃል ከሆነ ጨው ያወጣው ውሃ ገና ወደ ሥጋው አልተመለሰም፣ ላዩ ላይ ጤዛ እንደሆነ ምጣድ ይገባል።

ለማለስለስ ተብሎ ፓፓያ፣ ቢራ ወይም ኮምጣጤ ውስጥ መዘፍዘፍ ለፊሌቶ አያስፈልግም። በተለይ ፓፓያ ፊሌቶን ቦካ ያለ ሊጥ ያደርገዋል። ለጠንካራው የጭን ሥጋ አቆዩት።

መጥበስ፣ አንደኛው መንገድ፦ ወፍራም ቁራጭ በብረት ምጣድ

ይህን ከሁሉ በላይ እወደዋለሁ። ለአራት ሰው የጸዳ ፊሌቶ 700 ግራም ያህል፣ ዘይት ሁለት ሾርባ ማንኪያ፣ ንጥር ቅቤ አንድ ሾርባ ማንኪያ፣ ሦስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ጨፍለቅ የተደረገ፣ አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ።

1. ሥጋውን ከፍሪጅ 20 ደቂቃ ያህል ቀደም ብላችሁ አውጡት። እንደገና አድርቁት፣ ጨው ነስንሱበት።

2. ወፍራሙን የብረት ምጣድ ባዶውን በኃይለኛ እሳት አግሉት። ከሰል ከሆነ ፍሙ ነጭ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ። ውሃ ጠብ ስታደርጉበት ዘሎ ወዲያው መጥፋት አለበት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። ያ ደስ የሚለው ቡናማ ቅላትና ሽታ የሚመጣው የሥጋው ላይኛ ክፍል ከ140 ዲግሪ በላይ ሲግል ነው። ምጣዱ ካልጋለ ሥጋው ውሃ ያወጣል፣ ውሃ ባለበት ደግሞ ሙቀቱ ከመፍሊያው አያልፍም።

3. ዘይቱን ጨምሩ፣ ቁራጮቹን ክፍተት እየሰጣችሁ ደርድሩ። ተጠጋግተው ከሆነ በሁለት ዙር ጥበሱ። ከዚያ አትንኩት። አታገላብጡት፣ በማንኪያ አትጫኑት። ከሁለት ደቂቃ ተኩል እስከ ሦስት ደቂቃ።

4. ገልብጡት። ሌላ ሁለት ደቂቃ። አሁን እሳቱን ቀነስ አድርጉና ቅቤውን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና የጥብስ ቅጠሉን ጨምሩ። ምጣዱን ዘንበል አድርጋችሁ የቀለጠውን ቅቤ በማንኪያ እየቀዳችሁ ሥጋው ላይ አፍስሱ፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል። ቅቤው መጀመሪያ ቢገባ ኖሮ ኮረሪማውና ሌላው ቅመም ያርር ነበር።

5. አውጡትና ሞቅ ያለ ሳህን ላይ 5 ደቂቃ ይረፍ። ይህን አትዝለሉት። ወዲያው ከተቆረጠ ጭማቂው ሳህኑ ላይ ይፈስሳል፣ ካረፈ ግን አብዛኛው ሥጋው ውስጥ ይቀራል። ቁንዶ በርበሬውን አሁን ነስንሱ።

በዚህ ጊዜ ውስጡ ሮዝ ይሆናል። ቴርሞሜትር ላለው ሰው መሃሉ 63 ዲግሪ ደርሶ ቢያንስ 3 ደቂቃ ማረፍ አለበት፣ ላልተፈጨ ሥጋ ደህና የሚባለው ሙቀት ይሄ ነው። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው በጣቱ ይጫነው። ልል ከሆነ ጥሬ ነው፣ ለስለስ ብሎ መልሶ የሚገፋ ከሆነ ደርሷል፣ ደርቆ እምቢ ካለ አልፎበታል። ሮዝ ሥጋ የማይወዱ እንግዶች ካሉባችሁ ቁራጩን አታቆዩት፣ 2 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡት። ቶሎ ይበስላል፣ ጭማቂውም ብዙ አይጠፋም።

ሳህኑ ላይ የቀረውን ጭማቂና የምጣዱን ቅቤ አትድፉት። እንጀራ ላይ አፍስሱት። ወይም የፎገራ ሩዝ ቀቅላችሁ ከሆነ ሩዙ ላይ። ከጎኑ ጎመን፣ ቲማቲም በቃሪያ፣ ሎሚ ቁራጭ። የዘጌ ሎሚ ካገኛችሁ ደግሞ ምን ትፈልጋላችሁ።

ሁለተኛው መንገድ፦ ጥብስ፣ ግን በፊሌቶ ልክ

እዚህ የምለውጠው አንድ ነገር ነው። ሽንኩርቱና ሥጋው አብረው አይበስሉም። ሽንኩርት ብዙ ውሃ አለው፣ አብሮ ከገባ ሥጋውን ይቀቅለዋል።

መጀመሪያ ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት ወፈር ወፈር አድርጋችሁ በዘይት አብስሉ፣ ዳር ዳሩ ሲቀላ አውጡት። ምጣዱን እንደገና አግሉ። ሥጋውን በሁለት ወይም በሦስት ዙር አስገቡ፣ እያንዳንዱ ዙር ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ፣ አንዴ ብቻ እየገለበጣችሁ። ሁሉም ሲያልቅ ሽንኩርቱን መልሱ፣ ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የጥብስ ቅጠልና የተሰነጠቀ ቃሪያ ጨምሩ፣ ግማሽ ደቂቃ አማስሉና አውርዱ። በቃ። ቃሪያው ቀጭ ማለት አለበት። ሸክላ ላይ የምታቀርቡ ከሆነ ሥጋው ትንሽ ቀደም ብሎ ይውረድ፣ ፍሙ ሸክላው ላይ ማብሰሉን ስለሚቀጥል።

በርበሬና አዋዜ እሳት ላይ አትጨምሩ። በጋለ ምጣድ በርበሬ ወዲያው አርሮ ይመራል። አዋዜውን ከወረደ በኋላ ለውሱት፣ ወይም በጎን አቅርቡት። እኔ በጎን ነው የምመርጠው። ረጋ ያለውን ጣዕም በአዋዜ ከሸፈንነው ለምን ፊሌቶ ገዛን?

ገንቢነቱ፣ በቁጥር

ስቡ የተነሳለት 100 ግራም ጥሬ ፊሌቶ 20 ግራም ያህል ወይም ትንሽ የሚበልጥ ፕሮቲን አለው። ስታርችም ስኳርም የለውም። ስቡ እንደ ከብቱ አመጋገብ ይለያያል፣ ሣር የጋጠ ያልሰባ በሬ ከሆነ ጥቂት ግራም ብቻ ነው። ብረት 2 ሚሊግራም አካባቢ፣ ዚንክ ከ3 እስከ 4 ሚሊግራም አለው። ከአትክልት የማይገኘው ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ አለ። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ነው፣ አንድ ጥሩ ቁራጭ ሥጋ የዚያን ትልቁን ክፍል ይሸፍናል። በጾም ወራት ከእንስሳት የሚገኝ ምንም ለማይበላ ሰው ይሄ ቀላል አይደለም።

ግን ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ በጭን ሥጋም አለ፣ በወርችም አለ። ስቡ ከተነሳለት የፕሮቲኑና የብረቱ መጠን ይቀራረባል። ስለዚህ ደም ማነስ አለብሽ ተብላ ሥጋ ብይ የተባለች እናት ፊሌቶ መግዛት የለባትም። በዚያው ብር ርካሹን ሥጋ አብዝታ ትግዛ። ጉበት ደግሞ በብረት ከሁሉም ይበልጣል፣ እርጉዝ ከሆነች ግን የቫይታሚን ኤ መጠኑ ከፍተኛ ስለሆነ ጉበት አታብዛ።

ፊሌቶ በአመጋገብ በኩል የሚበልጥበት ቦታ አለ። ማኘክ ላቃተው ሰው ነው። ጥርሳቸው ያለቀ አባቶችና እናቶች ሥጋ የሚተዉት ስለጠሉት ሳይሆን ስለማይችሉት ነው። እነሱን መረቅ ብቻ እያጠጣን ሥጋ በሉ እንላለን፣ ፕሮቲኑ ግን ያለው ሥጋው ውስጥ ነው። ደህና ተደርጎ የተጠበሰ ፊሌቶ ክሩን አቋርጦ በስሱ ተቆርጦ ቢቀርብላቸው ይበሉታል። ከስድስት ወር በላይ ላለ ሕፃንም በሚገባ በስሎ፣ በደቃቁ ተፈጭቶ፣ ያለ ጨውና ያለ በርበሬ ከገንፎው ጋር ቢቀላቀል በጣም ጥሩ ነው። በዚያ ዕድሜ የሕፃን የብረት ፍላጎት ከፍ ይላል፣ ጡት ብቻውን አይበቃውም።

የሥጋ ብረት በሰውነት የሚገባው ከአትክልት ብረት በተሻለ መንገድ ነው። ደስ የሚለው ግን ሌላ ነው። ሥጋ አብሮት የተበላውን የምስር፣ የጎመንና የእንጀራ ብረትም ሰውነት የበለጠ እንዲወስደው ያግዛል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ሥጋ ባንድ ቀን ከመጨረስ፣ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ከምስርና ከጎመን ጋር መብላት ይሻላል። ሎሚና ቃሪያ በቫይታሚን ሲያቸው ይረዳሉ። ቡናና ሻይ በተቃራኒው ከአትክልቱ የሚገኘውን ብረት ይቀንሳሉ። ቡናውን ተዉ አልልም፣ ማን ይሰማኛል፣ ግን ብረት የሚያንሰው ሰው ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ያቆየው።

ስለ ስብ የሚጨነቁ ሰዎች ከሥጋው ይልቅ ቅቤውን ይዩ። አንድ ሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ 13 ግራም ያህል ስብ አለው፣ ከ100 ግራም የጸዳ ፊሌቶ ይበልጣል። መጠኑን በተመለከተ የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ የሚመክረው የተበሰለ ቀይ ሥጋ በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም እንዳያልፍ ነው። ሪህ ያለበት ሰው ደግሞ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር። በተረፈ ጣና እንደሆነ አጠገባችን ነው፣ በሳምንቱ መሃል ዓሣ ማስገባት ነው።

ቁርጥና ክትፎ ለሚወድ

ፊሌቶ ለክትፎ ድንቅ ሥጋ ነው፣ ጅማት የለውም። ይህን ክጄ አልጽፍም። ነገር ግን የኮሶ ትል እጭ የሚቀመጠው ጡንቻ ውስጥ ነው፣ ለስላሳውንም ውዱንም አይለይም። ሚጥሚጣ፣ ሰናፍጭ፣ አረቄ አይገድሉትም። የሚገድሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ እስከ ውስጡ የደረሰ ሙቀት ነው፣ ከላይ የጻፍኩት 63 ዲግሪ። ሌላው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ በሚቀዘቅዝ ፍሪዘር ቢያንስ 10 ቀን ማቆየት ነው። ለብለብ ላዩን ብቻ ስለሚነካው ለዚህ አይበቃም።

ስለዚህ ክትፎ ካልበላሁ አይሆንም የሚል ሰው ማህተም ያለው ሥጋ ይግዛ፣ በትልቁ 10 ቀን ፍሪዘር ያቆየው፣ ፍሪጅ ውስጥ ቀስ ብሎ ይቅለጥ፣ ከዚያ ይክተፈው። ቅዝቃዜው ትሉን እንጂ ባክቴሪያውን አያጠፋም፣ ቢላዋውና መክተፊያው በጣም ንጹሕ መሆን አለባቸው። እርጉዝ ሴቶች፣ ሕፃናት፣ ሽማግሌዎችና በሽታ የመቋቋም አቅማቸው የደከመ ሰዎች ግን ጥሬና ለብለብ ፈጽሞ አይብሉ። ኮሶ የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ትክክለኛውን መድኃኒት ይውሰድ።

የተረፈውን ማስቀመጥ

የተጠበሰ ሥጋ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ፣ ቀኑ በጣም ከሞቀ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ። ፍሪጅ ውስጥ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ቀን ይቆያል። ጥሬው ፊሌቶ እንዳለ ከሆነ ከሦስት እስከ አምስት ቀን፣ ከተከተፈ ግን አንድ ሁለት ቀን ነው ዕድሜው። መብራት ሲጠፋ የፍሪጁን በር አትክፈቱ። ተዘግቶ ከቆየ አራት ሰዓት ያህል ይይዛል፣ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ ሁለት ቀን ያህል። መብራቱ ሳይመጣ ከዚያ በላይ የሚቆይ ከመሰላችሁ ሥጋው ገና ቀዝቃዛ እያለ ጥበሱት፣ አትጠብቁ።

የተረፈውን ጥብስ መልሳችሁ ምጣድ ላይ ብታንገላቱት ይደርቃል። በስሱ ቁረጡት፣ በጥቂት ቅቤና በአንድ ማንኪያ ውሃ ለብቻ የፈላ ስልስ ሥሩ፣ ሥጋውን በመጨረሻ ጨምሩና እንፋሎት ሲወጣው አውርዱ። ፍርፍር ካማራችሁ እንጀራውን እዚያው ፈትፍቱበት።